በፊላው መሐል ያወጣነው መንገድ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ሰመራ ላይ፣ በሰኔ፣ ጋቢ። ባልደረቦቼ ሲያጨበጭቡ ላቡ በጀርባዬ ይወርድ ነበር፤ ላወልቀው ደግሞ ነውር ሆነብኝ። ንግግር አድርጊ ተባልኩ። ለእንግዳ ስለ ጉማሬ ሳወራ ምላሴ ታስሮ አያውቅም፤ ስለ ራሴ ሲሆን ግን ቃል ጠፋኝ። "አላህ ይስጥልኝ፣ ያስቀየምኳችሁ ካለ አውፍ በሉኝ" ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ልናገር ይገባኝ የነበረውን ነው አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ተወልጄ ያደግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። አባቴ ከወሎ ወርዶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ባቡር ሲመጣ ከተማው ይነቃል፤ ባቡሩ ሲሄድ ተመልሶ ይተኛል። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ ቲኬት ቆራጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። መኪና ሲመጣ ቲኬት እቆርጣለሁ፤ መኪና ሲጠፋ በመስኮቴ ሳላዎች ሜዳውን ሲያቋርጡ አያለሁ። ያን የመሰለ ረጅም ቀንድ ተሸክሞ እንደዚያ ረጋ ብሎ የሚራመድ እንስሳ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እየቆየ ግን በመስኮት ማየቱ አላጠግብ አለኝ።

ከመስኮቱ ያስወጡኝ ጋሽ ሁመድ ናቸው። ጋሽ ሁመድ የአፋር ተወላጅና የቦታው ነባር ጠባቂ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ትከሻቸው ይነቃነቃል እንጂ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ ሴት መምህራን ፍልውኃው አጠገብ ያለውን ረግረግ በእግር ማየት እንፈልጋለን አሉ። ጋሽ ሁመድ ከማያውቋቸው ሴቶች ጋር ብዙ ማውራት ይከብዳቸዋል። ወደ መስኮቴ መጡና "ዘሀራ፣ መስኮቱን ዝጊና ነይ። እኔ እመራለሁ፣ አንቺ ታወሪያለሽ" አሉኝ።

በዘንባባዎቹ መካከል የሚያልፈው መንገድ ጠመዝማዛ ነበር። መታጠፊያ በደረስን ቁጥር ጋሽ ሁመድ ቆም ብለው ይስላሉ። እኔ የታመሙ መስሎኝ ኮዳዬን አቀበልኳቸው።

"አላመመኝም" አሉ። "ሰው ቤት ስትሄጂ በሩ ላይ ምን ትያለሽ?"

"ቤቶች እላለሁ።"

"እኔም ቤቶች ማለቴ ነው።"

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ከርከሮም ይሁን ጉማሬ ሰውን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሲደነግጥ ነው። መምጣትሽን አስቀድሞ ካወቀ ዞር ይልልሻል። ያን ቀን ከመምህራኑ ጋር በደንገሉ ጥግ ቁጭ ብለን ሽመላ ዓሣ ሲያድን አየን፤ አንዷ መምህር ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሣሩ ላይ ዘርግታ "እዚህ ብቀር ማን ይፈልገኛል?" ስትል ትዝ ይለኛል። እኔም በልቤ ወደ መስኮቱ ላለመመለስ ወሰንኩ። አለቃዬን ለምኜ፣ ሌላ ቲኬት ቆራጭ እስኪገኝ ጠብቄ፣ የጋሽ ሁመድ ረዳት ሆንኩ።

ከሳቸው የተማርኩትን ሁሉ መጻፍ አልችልም። ዱካ ማንበብ የሚሻለው ጠዋት ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ መሆኑን ነገሩኝ፤ ያኔ የኮቴው ጉድጓድ በጥላ ይሞላና ጎልቶ ይታያል። ቁንጥር አፈር ከጣታቸው እየለቀቁ ነፋሱ ወዴት እንደሆነ ያያሉ። ወፍ ሲያሳዩ በእጃቸው አይጠቁሙም፤ በአገጫቸው ነው። ረግረግ ውስጥ ሲገቡ መሬቱን በተረከዛቸው ጫን ብለው ይፈትኑታል፤ ውኃ ተረከዙ ዙሪያ ቶሎ ከፈለቀ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። በመንገድ እረኛ ካገኙ ደግሞ ሥራ ሁሉ ይቆማል። ሁለቱ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ የሚነጋገሩበት ወግ ነው፤ የት ዘነበ፣ የማን ግመል ወለደች፣ ጅቡ በየት በኩል አለፈ፣ ማን ታመመ። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ትዕግሥቴ እያለቀ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ኋላ ሳስተውል ግን የእንስሳቱን ውሎ ከሞላ ጎደል የምናውቀው ከዚያ ወሬ ነበር። ቀስ በቀስ እኔም አጠገባቸው መቀመጥ ጀመርኩ፤ አፋርኛውንም እንዲሁ ቁጭ ብዬ ነው የለመድኩት።

አዋሽን የለቀቅሁት በትዳር ምክንያት ነው። ለዘመድ ሠርግ ወደ ደሴ ስሄድ አውቶቡሳችን ሚሌ ላይ ተበላሸ። ምሳ የበላሁበት ቤት ጠረጴዛ ሁሉ በሹፌር ተይዞ ስለነበር አንዱ ተነስቶ ወንበሩን ሰጠኝ። ኑሩ የሚባል፣ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ፣ እንደኔው የወሎ ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ አዋሽን ባለፈ ቁጥር ለአባቴ ሱቅ ሰላምታ ማቅረብ አበዛ። አባቴ "ይህ ልጅ ከኔ ሱቅ የሚገዛው ይህ ሁሉ ሳሙና ምን ያደርግለታል?" ማለት ሲጀምር ነገሩ ታወቀ። ተጋባን። እሱ ለመስመሩ መሐል ይሆነናል ብሎ ሰመራን መረጠ፤ እኔም ወደዚያው ተዛወርኩ።

ሰመራ ያኔ የመንግሥት ቢሮዎች ሜዳ ላይ የተበተኑባት፣ ዛፍ የሌላት፣ ከነፋስ ጋር ጠጠር የሚመታባት ከተማ ነበረች። የተመደብኩት ቢሮ ነው። ማራገቢያው ይጮሃል እንጂ አያበርድም። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው አሳልፋለሁ። ብዙ ዓመት እንዲሁ አለፈ፤ ልጆቼን ያሳደግሁበት ጊዜ ስለሆነ አላማርርም። ግን አንዳንድ ቀን ከቢሮ ስወጣ እግሬ ለስላሳ መሬት ይናፍቀው ነበር።

ያን ኑሮ የለወጠው አንድ አደጋ ነው። ከተማዋ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ፣ ሰው ማልዶ ሶምሶማ መሮጥ ለምዶ ነበር። የሚሮጠው ግን አስፋልቱ ላይ፣ የጅቡቲ መኪኖች በሚከንፉበት መንገድ ዳር ነው። ኑሩ ሁልጊዜ "ጎህ ሲቀድ መሪ ስይዝ የምፈራው ግመል ነበር፤ አሁን ሯጩ ባሰብኝ" ይል ነበር። አንድ ማለዳ አንዲት የነርስነት ተማሪ በመኪና ተገጨች። ነፍሷ ተረፈ፤ እግሯ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሆስፒታል ልጠይቃት ሄጄ አጠገቧ የተቀመጠች ጓደኛዋን "አሁን የት ልትሮጡ ነው?" አልኳት። "ትተነዋል" አለችኝ። "ሹፌሮቹም ጥሩምባ እየነፉ ያሳቅቁን ነበር።"

አለቃዬ ዮናስ የሚባል፣ የውኃ ምህንድስና የተማረ ወጣት ነበር። እሱም ሯጭ ነው። በማግሥቱ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ ቆመ።

"እትዬ ዘሀራ፣ ወንዙ ዳር ያለውን ረግረግ ያውቁታል?"

"ከመኪና ላይ አይቼዋለሁ።"

"በውስጡ የእግር መንገድ ብናወጣስ? ሰው የሚሄድበት፣ የሚሮጥበት። መኪና የማይደርስበት።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ለኑሩ ደጋግሜ አወራሁለት፤ ተኝቶም አወራሁለት።

ረግረጉ ከከተማው በባጃጅ የሚደረስ፣ አዋሽ በክረምት ሞልቶ የሚተኛበት ሰፊ ዝቅታ ነው። ፊላውና ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። ጉማሬ አለ፣ አዞ አለ፣ ከርከሮ አለ፤ ከመስከረም በኋላ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የወፍ መዓት ይወርድበታል። ዳር ዳሩን ፕሮሶፒስ የሚሉት ባዕድ እሾሃማ ዛፍ እያነቀው ነበር። ዮናስ ካርታ ዘርግቶ መስመር ካሰመረ በኋላ እርሳሱን አስቀመጠና "ይህ ወረቀት ላይ ነው። እንስሳቱ የት እንደሚውሉ የሚያውቅ ሰው ካላየልኝ ችካል አልተክልም" አለ። እኔም አንድ ሰው አውቃለሁ አልኩት።

ጋሽ ሁመድ ያኔ ጡረታ ወጥተው አዋሽ አርባ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በአውቶቡስ መጡ። ቤቴ አረፉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምንም ችካል አላስተከሉም፤ ዝም ብለው ዞሩ። እኔና ዮናስ ከኋላ እንከተላለን። ጉማሬዎች ሲመሽ ለግጦሽ የሚወጡበትን ሰርጥ አንድ በአንድ አዩት፤ ከሆዳቸው ክብደት የተነሳ ጭቃው እንደ ቦይ ሰርጉዷል። ጉማሬና ውኃው መካከል የቆመ ሰው ወዮለት፤ ስለዚህ መንገዱ ሁልጊዜ በየብሱ በኩል እንዲሄድ፣ ሰርጡን ማቋረጥ ግድ ሲሆን ደግሞ ግራና ቀኙ ከሩቅ በሚታይበት ቦታ ብቻ እንዲያቋርጥ አሉ።

ዮናስ አንድ ቦታ ላይ "ጋሽ ሁመድ፣ በዚህ ብንቆርጥ ያጥራል" አላቸው።

"ለማን ነው የሚያጥረው?"

"ለሚሄደው ሰው።"

"የሚሄደው ሰው የመጣው ሊሄድ አይደል?"

ዮናስ ሳቀና ችካሉን ነቀለ። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። ጋሽ ሁመድ አንድ ትልቅ ግራር ወደውት መንገዱ በጥላው ሥር ይለፍ አሉ። ዮናስ የመሬቱን ከፍታ በመለኪያው አይቶ "እዚህ ክረምት ላይ ውኃው ወገብ ይደርሳል" አለ። ጋሽ ሁመድ አላመኑትም፤ ግን ተዉለት። ክረምቱ ሲገባ ግራሩ ቅርንጫፉ ሥር ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመ፤ መንገዳችን ደረቅ ነበር። ይህን በስልክ ስነግራቸው ያ የማይሰማ ሳቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማኝ፤ "ልጁ ገና ያልመጣውን ውኃ ያያል" አሉኝ።

ሥራውን በእጅ ነው የሠራነው። ፕሮሶፒሱን እየቆረጥን ቦታ ስናጸዳ እንጨቱ ብረት ስለሆነ ለረግረጉ ድልድይ ይሁን ያለው ዮናስ ነው። ግንዱን ጎን ለጎን ደርድረን፣ በመሐሉ ክፍተት ትተን ውኃው ከሥር እንዲያልፍ አደረግን። ጠጠር አላፈሰስንም፤ ጠጠር ከእግር በታች ይንጫጫል፣ ወፍ ያስበረግጋል። ከሎግያ በኩል በመጣ ደቃቅ ጥቁር አሸዋ ነው የሸፈንነው። ለሚሮጥ ሰው ጉልበት ይመቻል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ማን እንዳለፈበት ይታይበታል።

መንገዱ ሊያልቅ ሲል የአካባቢው ሽማግሌዎች መጡ። ረግረጉ በበጋ የከብቶቻቸው መሸሸጊያ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ሣር የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። የመሪያቸው ስም ገአስ ነበር። ጋሽ ሁመድ ከነሱ ጋር ግራር ሥር ተቀምጠው ዳጉ ያዙ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች፣ አለፈችም። የቢሮው ሹፌር ሦስቴ መጥቶ ሰዓት አሳየን። ዮናስ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠና "ሂድ፣ በኋላ ና" አለው። በመጨረሻ ገአስ ወደኛ ዞረ።

"መንገዱ የሰው ነው ብላችኋል። ከብቶቻችን ወደ ውኃ ሲወርዱ ሰው ቢመጣ፣ ማን ነው የሚቆመው?"

ጋሽ ሁመድ ሊመልሱ ይችሉ ነበር። አልመለሱም፤ በአገጫቸው ወደኔ አሳዩ። ዮናስም አየኝ። ሥልጣን የለኝም፣ ያማከርኩት የበላይ የለም።

"ሰውየው ይቆማል" አልኩ በአፋርኛ። "ከብቶቹ እስኪያልፉ ይጠብቃል።"

ገአስ ዮናስን አየው፤ ጋሽ ሁመድ ያልኩትን ለዮናስ ተረጎሙለት። ዮናስ "እሷ እንዳለችው ነው" አለ። በማግሥቱ የከብቶቹ መተላለፊያ ላይ ሰሌዳ አቆምን፤ በሁለቱም ቋንቋ፣ ለከብት ቅድሚያ ይስጡ የሚል። ቢሮ ውስጥ የሳቁብን ነበሩ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ችካል ተነቅሎብን አያውቅም፤ እንግዳ መንገድ ሲስት ይዘው የሚያመጡልን እረኞቹ ሆኑ። እኔም ከወረቀቱ ወጥቼ የመንገዱ ኃላፊ ተባልኩ።

የዚያን ጊዜ ጠዋቶች ናቸው አሁን የሚናፍቁኝ። ባጃጆቹ ሰው በጋራ ጭነው ይመጣሉ። የባንክ ሠራተኞች፣ አስተማሪዎች፣ ስኳር አለባችሁ ተብለው በሐኪም የታዘዙ ነጋዴዎች። የዩኒቨርሲቲው ሴት ልጆች ሻርፓቸውን አጥብቀው አስረው በቡድን ይሮጣሉ፤ ጥሩምባ የሚነፋባቸው የለም። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም፤ ያረገዘች ሴትም ትሄድበታለች። የእንግጫው ሽታ፣ የፊላው መንሿሿት፣ አንድ ቦታ ላይ ጉማሬ ውኃ ውስጥ ሲያጓራ ሁሉም ሰው እኩል ቆም የሚለው ነገር። ያች የተገጨችው የነርስነት ተማሪም መጣች። ምርኩዝ ይዛ ነበር። ከኔ ጋር ቀስ ብለን እስከ ድልድዩ ሄደን ተመለስን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከድልድዩ አለፍን።

አንድ መምህር ነበር፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የሚሮጥ። መንገዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደሚዘጋ ብነግረውም አንድ ምሽት ሾልኮ ገባ። ስፈልገው ፕሮሶፒስ ላይ ወጥቶ አገኘሁት። በዚያ እሾህ ላይ እንዴት እንደወጣ እስካሁን አይገባኝም። አንዲት ጉማሬ ሥሩ ቆማ ሣር ትግጣለች፤ እሱን ረስታዋለች።

"ትሂድልኝ" አለኝ በሹክሹክታ።

"እራቷን እየበላች ነው። ታገሥ።"

እስክትሄድ ጠበቅን። እሾሁን ስነቅልለት ማዳመጫውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ አልፈልገውም አልኩት። ከዚያ በኋላ ለአዲስ ተማሪዎች ስለ መዝጊያው ሰዓት የሚናገረው እሱ ሆነ፤ ከኔ ይልቅ እሱን ይሰሙታል።

ከዚያ የድርቁ ዓመት መጣ። ዝናቡ ከላይም አልጣለ፣ ወንዙም ከሣ። ረግረጉ ከዳር ወደ መሐል እየተሰነጠቀ ሄደ። ፊላው ቢጫ ሆነ። ወፎቹ አልመጡም። ጉማሬዎቹ በቀረችው ኩሬ ተፋፍገው ይዋጉ ጀመር፤ አንዷ ሴት ጉማሬ ተባርራ ወደ ሌላ ጥልቅ ቦታ ስትሻገር ጭቃው ያዛት። ጠዋት ዙር ስወጣ አገኘኋት። እስከ ትከሻዋ ገብታለች። ጆሮዋ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ያላደረግነው የለም። ዮናስ ለውኃ ቦቴ ለመነ፤ ቦቴው መጣ፣ ውኃውን በላይዋ ላይ ስናፈስ ቆዳዋ ከተሰነጠቀበት ይለሰልሳል፣ ወዲያው ፀሐይ ይመጠዋል። እረኞቹ ፊላ አጭደው ነዶ ነዶውን በፊቷ ዘረጉላት፤ እግሯን ብታሳርፍበት ብለን። ኑሩ ከሚሌ ጓደኞቹን ይዞ መጣ፤ የመኪና መጎተቻ ካቦ ይዘዋል። ቢሮው የላከው የእንስሳት ሐኪም ካቦውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"አንገቷ ወይም እግሯ ይሰበራል" አለ። "ጭቃው በውኃ ካልላላ በመኪና ኃይል ብንጎትታት እንገድላታለን።"

"ባንጎትታትስ?" አለው ኑሩ።

ሐኪሙ ወደ ወንዙ አየ። ከላይ በኩል ካለው ግድብ ውኃ እንዲለቀቅልን ተጠይቆ ነበር፤ ይለቀቃል ተብለናል። ልንጠብቅ ተስማማን። በጨርቅ ጥላ ሠራንላት። ገአስ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ፀሐይ ስትበረታ እሷ ዓይኗን ትከድናለች፤ ውኃ ስናፈስባት ትገልጣለች። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ውኃ ስናፈስባት ዓይኗ አልተገለጠም።

ውኃው ደረሰ። ሞታ ከቆየች በኋላ፣ በጥቂቱ፣ ጭቃውን ሊያላላ በሚችል መጠን ደረሰ። ኑሩ ካቦውን ጠቅልሎ መኪናው ላይ ጫነና ለረጅም ጊዜ መሪው ላይ ተደግፎ ተቀመጠ። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አንድ የቢሮ ሰው "ለአንድ ጉማሬ?" አለ። ገአስ በአማርኛ መለሰለት፤ አማርኛ መቻሉን እስከዚያ ቀን አላወቅኩም ነበር። "ዛሬ እሷ ናት፤ ነገ የኛ ላሞች ናቸው" አለው።

ከዚያ በኋላ ቢሮው መንገዱ ይዘጋ የሚል ሐሳብ አመጣ። ውኃ የለ፣ ወፍ የለ፣ የሚሸት ሬሳ አለ፤ ምን ይታያል? ለስብሰባው ጋሽ ሁመድን በስልክ ምን ልበል ብዬ ጠየቅኋቸው። "እኔ ምን አውቃለሁ?" አሉኝ። "እኔ ጉማሬ ከጭቃ አውጥቼ አላውቅም። አንቺ ነሽ እዚያ የነበርሽው።" ስለዚህ ያየሁትን ተናገርኩ። የረግረጉ መሐል በደለል ተሞልቷል፤ ወንዙ ቢሞላም ውኃው አይቆይም። በጋ ሳይገባ ብንቆፍረው ለእንስሳቱም ለከብቱም ይተርፋል። ዮናስ የሚቆፈረውን ቦታ በመለኪያው አሳየ። ተፈቀደልን፤ ማሽን ግን አልተሰጠንም።

በአካፋና በጆንያ ቆፈርነው። እረኞቹ ነበሩ፣ ተማሪዎቹ ነበሩ፣ በሐኪም ታዘው የሚሄዱት ነጋዴዎች ምግብና ውኃ ያመጡ ነበር። ነርሷ ልጅ የተላላጠ መዳፍ ስታሽግ ትውላለች። ክረምቱ ገባ፤ ውኃው መጣ፤ መስከረም ላይ ይብራና ዳክዬው ከነጫጫታው ወረደ። ኩሬው እስከሚቀጥለው ክረምት አልደረቀም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ውኃው ሲሸሽ ደለሉ ይወጣል፤ ማንም ሳይጠራው ሰው አካፋውን ይዞ ይመጣል። ያች ጉማሬ የወደቀችበትን ቦታ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ዓይኔን ሳላሳርፍ ነበር የማልፈው።

የጋሽ ሁመድን ሞት የሰማሁት ከስልክ በፊት ነው። አንድ ጠዋት ገአስ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከሩቅ የሚነዳቸው ግመሎች ነበሩ፤ ቀድመውት ሄደዋል። ቁጭ በይ አለኝ። ተቀመጥኩ። እንደ ወጉ ዳጉውን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ዝናቡን ነገረኝ፣ ሣሩን ነገረኝ፣ ከአሚባራ በኩል በሌሊት መኪና የመጡ ሰዎችን አግኝቶ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አዋሽ አርባ ላይ ሁመድ ሄዷል። ትናንት የማታውን ሶላት ሰግዶ ነው የተኛው" አለ። ልጃቸው የደወለልኝ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው። ኑሩ ያን ቀን ጭነት ሳይጭን ባዶ መኪና ይዞ ለቀብር አደረሰኝ።

ጡረታዬ ሲደርስ ኃላፊነቱን ያስረከብኩት ከገአስ ጎሳ ለሆነች አይሻ ለምትባል ወጣት ሴት ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ የወፍ ስም በሦስት ቋንቋ የምታውቅ ልጅ ናት። አሁን በስልክ መተግበሪያ የሚሮጥ፣ የሄደበትን ርቀት የሚያሳይ ሰው በዝቷል፤ እሷም ያን በመጠቀም ሰርጡ አጠገብ ሲደርሱ ስልካቸው እንዲያስጠነቅቅ አድርጋለች። ጎበዝ ናት።

ኑሩም በጉልበቱ ምክንያት መኪናውን አቁሟል። ቤት ውስጥ ሁለት ጡረተኞች መሆን ቀላል አይደለም። እሱ ስለ ጎማና ስለ መለዋወጫ ያወራል፤ እኔ ስለ ወፍ አወራለሁ፤ ሁለታችንም አንሰማማም። በካቦው ጊዜ ከመምጣቱ በስተቀር ረግረጉን ረግጦት አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ ማን ዙሪያውን አየ? አንድ ጠዋት "ሐኪሙ በእግርህ ሂድ ብሎህ የለ? ና እንሂድ" አልኩት። በባጃጅ ወረድን።

ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ስለ ባጃጁ ፍሬን አወራ። ከዚያ ስለ ድልድዩ ግንድ ጠየቀኝ። ከዚያ ወሬው እየሣሣ ሄደ። ኩሬው ዳር ስንደርስ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ሽመላዎቹ ውኃው ውስጥ ቆመዋል፤ ከወዲያ ማዶ የጉማሬ ግልገል በእናቱ ጀርባ ላይ አገጩን አሳርፎ ነበር። ኑሩ ምርኩዙን ወደ ውኃው ቀሰረ።

"ይህ ውኃ የዚያው የአዋሽ ነው?" አለኝ።

"የዚያው ነው።"

"ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ወንዝ ጎን ነው የነዳሁት" አለ። "ድልድዩን ሁሉ አውቀዋለሁ። የትኛው ላይ ፍጥነት እንደሚቀነስ፣ የትኛው እንደሚያንሸራትት። ወንዙን ግን አላየሁትም።"

ፀሐይዋ ስትሞቅ ተመለስን። ምሳ በላ፣ ጉልበቱን ቅባት ቀባ፣ ተኛ።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ልሰግድ ስነሳ አልጋው ባዶ ነበር። ወደ ሳሎን ወጣሁ። ሰግዶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ምርኩዙን ጉልበቱ መሐል አቁሞ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

"ስገጂና እንሂድ" አለኝ። "ሳይሞቅ።"